የኢምስ ላውንጅ ወንበር

የኢምስ ላውንጅ ወንበር ቻርልስ ኢምስ (1907–1978) እና ባለቤቱ ሬይ ኢምስ (1912–1988) ነድፈውት፣ ኸርማን ሚለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ያቀረበው የመዝናኛ ወንበር ነው። የሞዴል ቁጥሩ 670 ሲሆን የእግር ማሳረፊያው 671 ይባላል። ሬይ ሠዓሊ ነበረች፤ ድርሻዋ ለረጅም ጊዜ በባሏ ስም ተሸፍኖ መቆየቱ ፍትሐዊ አልነበረም።

ባልና ሚስቱ ኮምፔንሳቶን በሙቀትና በግፊት ማጉበጥን ያዳበሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሰበረ እግር መደገፊያ ሲሠሩ ነው። የወንበሩ መቀመጫ፣ ጀርባና የራስ መደገፊያም በዚሁ ዘዴ የጎበጡ ሦስት ቅርፊቶች ናቸው፤ በላያቸው የቆዳ ትራሶች ይቀመጣሉ። የጀርባው ቅርፊት ከእጅ መደገፊያዎቹ ጋር የሚያያዘው እንጨቱ ላይ በተጣበቁ የጎማ ማያያዣዎች ስለሆነ ከውጭ አንድም ብሎን አይታይም። ውበቱም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው፦ ጎማው ሲያረጅ ወይም ማጣበቂያው ሲለቅ ጀርባው ተገንጥሎ እንጨቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። አሮጌ ወንበር የሚገዛ ሰው ከቆዳው አስቀድሞ ይህንን መመርመር አለበት።

ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት በብራዚል ሮዝውድ የተለበጡትንና ባለ 5 ንጣፍ ቅርፊት ያላቸውን ነው፤ የዛሬዎቹ ባለ 7 ንጣፍ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ትራሶች በላባ የተሞሉ ነበሩ። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ስር በመሆኑ፣ እነዚህን ወንበሮች ከአገር አገር ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል።