አራት ነጥብ ስድስት ልጅ የማን ነው?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱ ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔ 4.6 መሆኑን አሳይቷል፤ በገጠር 5.2፣ በከተማ 2.3። ብዙ ጊዜ «አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልዳለች» ተብሎ ይነገራል። እንዲህ ያለች ሴት ግን የለችም። ስሌቱ ከጥናቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የተወለዱትን ይወስዳል፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሴቶች በሰባት የዕድሜ ምድብ ይከፍላል፤ የየምድቡን ዓመታዊ የወሊድ መጠን ደምሮ በአምስት ያበዛል። የዛሬዋ የ17 ዓመት ልጃገረድና የዛሬዋ የ47 ዓመት እናት በአንዲት የምናብ ሴት ዕድሜ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሴቶች መውለድን ለጥቂት ዓመታት ቢያዘገዩ፣ በኋላ ያንኑ ያህል ቢወልዱ እንኳ፣ ምጣኔው ለጊዜው ይወርዳል። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎቹ ቦንጋርትስና ፊኒ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ማስተካከያ ይህን ለማረም ነው።

ሂሳቡስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ደጃፍ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። «ስንት ልጅ አለዎት?» የተባለች እናት «አራት አሉኝ» ስትል በሕይወት ያሉትን ነው የቆጠረችው፤ ለሞተ ልጅ «አለኝ» አይባልም። መጠይቁ ጥያቄውን የሚከፋፍለው ለዚህ ነው፦ አብረው የሚኖሩ ወንዶችና ሴቶች ልጆች፣ ሌላ ቦታ የሚኖሩ፣ በመጨረሻም አልቅሶ ወይም የሕይወት ምልክት አሳይቶ የሞተ ሕፃን። (ይህን የመጨረሻውን ለማታውቃት እናት ማንሳት ለማንም አይቀልም።) ያልወለደች ሴት ስትገጥመው ደግሞ ጠያቂው ዜሮ መጻፉን ትቶ ባዶ ያልፈዋል፤ ባዶው «የለም» ይሁን «አልተጠየቀም» አይታወቅም። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው ኤል-ባድሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዚሁ ማረሚያ ስሌት አበጅቶለታል።

ከዚያ የልደት ቀን አለ። የእኛ መረጃ የሚመዘገበው በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ ወደ ፈረንጆቹ ለመለወጥ 92 ወር ይጨመርበታል፤ ይህ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የጠያቂው ድካም ነው። ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ የተወለደ ልጅ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ጡት መጥባቱ፣ ስለ ተቅማጡ ብዙ ገጽ ጥያቄ ይከተለዋል። የአራት ዓመት ከዐሥር ወሩን ልጅ «አምስት ሞልቶታል» ብሎ መጻፍ ያን ሁሉ ገጽ ያስቀራል። ልደቶች እንዲህ ወደ ኋላ ሲገፉ በአገራችን ጥናቶች ተደጋግሞ ታይቷል፤ ስሌቱ አምስቱን ትቶ በሦስት ዓመት የሚወሰንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በ2003 ዓ.ም. ምጣኔው 4.8 ነበር። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለችውን 0.2 የናሙና ስሕተት ብቻውን ሊውጣት ይችላል። እኔ ብጠየቅ ስለ መውረድ ከማውራቴ በፊት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ።