ዲጂታል መንትያ ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝኛ «ዲጂታል ትዊን» የሚባለውን በአማርኛ «ዲጂታል መንትያ» ብንለው ይስማማዋል። በገሃዱ ዓለም ላለ ነገር፣ ለሕንፃም ሆነ ለድልድይ ወይም ለሙሉ ከተማ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ አቻ ነው። በተለምዶ ስሪዲ ከምንለው ሞዴል የሚለየው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ስለማያበቃ ነው፤ ከተማው ውስጥ ፎቅ ሲፈርስ ከመንትያውም ይወጣል፣ አዲስ መንገድ ሲከፈት ይገባል። «ቅጂ» ያላልነውም ለዚሁ ነው።

ስያሜው የመጣው ከፋብሪካና ከጠፈር ምህንድስና ነው፤ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ባዘጋጀው የቴክኖሎጂ ዕቅድ ውስጥ ይገኛል። ወደ ከተማ ፕላን ካመጡት አገሮች ግንባር ቀደሟ ሲንጋፖር ነች። እ.ኤ.አ. በ2014 «ቨርቹዋል ሲንጋፖር» የተባለውን ፕሮጀክት በ73 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ጀመረች።

ሥራው የሚጀምረው ከልኬት ነው። አውሮፕላን ከተማው ላይ እየበረረ የሌዘር ጨረር ወደ ታች ይለቃል፤ ጨረሩ ጣሪያ ወይም አስፋልት ነክቶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ይመዘገባል። ከ900 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ጨረር ደርሶ የሚመለሰው በ6 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ገደማ ነው። ይህን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝተው ለሁለት ሲያካፍሉት ርቀቱ ይገኛል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ተሰብስበው የሕንፃውን ቅርጽ፣ የዛፉን ቁመት፣ የመሬቱን ተዳፋት ያወጣሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ጥቅሙ የሚታየው። የታቀደው ፎቅ በማን ግቢ ላይ እንደሚያጠላ፣ ንፋስ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ከባድ ዝናብ ቢጥል ጎርፉ የት እንደሚተኛ መሠረት ሳይቆፈር መሞከር ይቻላል። ሄልሲንኪም በሞዴሏ ላይ የሕንፃዎቿን የኃይል ፍጆታ መረጃ አስፍራለች። የፕላን ስህተትን በሲሚንቶ ከፈጸሙ በኋላ ማረም ለነዋሪው ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ያውቀዋል።

አስቸጋሪው ከመሬት በታች ያለው ነው። የሌዘር ጨረር አፈር አይዘልቅም፤ የመሬት ውስጥ ራዳርም በእርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ይደክማል። ስለዚህ የውኃ ቱቦም ሆነ የቴሌ ኬብል ሲዘረጋ፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት አቅጣጫውንና ጥልቀቱን ለክቶ በዚያው ቀን ወደ መንትያው ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህም ለቆፋሪው ተቋራጭ በውሉ ላይ የተጻፈ ግዴታ መሆን አለበት።