ከባሕር ዛፍ እስከ ምጣድ



የማስተምረው ኮዬ ፈጬ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ሁሉ የእንጀራ ሽታ ሲመጣ መብራቱ ደከም ይላል። «ለዚህ ነገር ሕግ የለውም እንዴ?» ትላላችሁ። አለው እኮ! ታሪኩን ላጫውታችሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋ ደን ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ደኑ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ያተረፋት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። መንግሥትም ሕዝቡ እንዲተክል ባሕር ዛፍ ያለበትን መሬት ከግብር ነፃ አደረገ። እንግዲህ መንግሥት ስለ ማገዶ መደንገግ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

ቀጥሎ የውሃ ኃይል መጣ። ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል እዚሁ በእኛው አቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ብዙ ዓመት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀመረ። ጉልበቱ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። እስቲ እናስላ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢወስድ ግድቡ በአንድ ጊዜ የሚያግለው 1,900 የማይሞላ ምጣድ ነው። የኮዬ ፈጬ ቤቶች ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ስለዚህ ማመንጨት ብቻውን አይበቃም፤ መቆጠብም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሕጉም እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሥራውም ማመንጨትና ማከፋፈል ነበር። በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ አቋቋመ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ ቁጠባን ጨመረበት፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የብቃት ደረጃና ምልክት እንዲወጣ ሥልጣን ሰጠ።

ታዲያ ምልክቱን ማን ያነበዋል? አንዲት እናት አዲስ ምጣድ ተሸክመው መጡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ምን ይላል? ሻጩ ትንሽ ነው የሚበላው ብሎኛል» አሉኝ።

«እማማ፣ 3,800 ዋት ይላል» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ገንዘቡን ከፍለዋል። በማግሥቱ ግን ደብተር ይዘው ወደ ማታው ትምህርት መጡ።

አያችሁ፣ ሕግ ቢወጣም ማንበብ ለማይችል ሰው ከወረቀት አይወርድም። ስለዚህ ምጣድ ስትገዙ ገልብጣችሁ ዋቱን አንብቡ፤ በምትጋግሩበት ሰዓት አባዙት። ቆጣሪው የሚቆጥረው እሱን ነው። የማያነብ ጎረቤት ካላችሁ መጀመሪያ አንብቡለት፤ ቀጥሎም ፊደል አስቆጥሩት።

ደህና ሁኑ።