መምህራነ በረራ፤ ዕድላቸውና ደመወዛቸው

በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት መምህር የሚባለው ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ እየተሻገረ ዕድሜውን በጉባኤ ቤት የፈጀ፣ ከመምህሩም ምስክርና ምርቃት የተቀበለ ሊቅ ነው፤ ወንበር መትከሉም የድካሙ ፍጻሜ ነው። በአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ ይታያል፤ ትናንት ፈቃዱን የተቀበለው ወጣት ዛሬ መምህር ይሆናል፣ ዘወትር የሚመኘውም ከማስተማር የሚወጣበትን ቀን ነው።

አውሮፕላን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ማስተማር የሠሪውና የሻጩ ሥራ ነበር። ወንድማማቾቹ ራይት በፈረንጅ ቁጥር በ1910 በአላባማ ግዛት፣ በሞንጎመሪ ከተማ አጠገብ ትምህርት ቤት የከፈቱት አውሮፕላናቸውን በየአገሩ እያበረሩ ለሕዝብ የሚያሳዩላቸውን ሰዎች ለማውጣት ነው። ወደ እኛም አገር፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የሚባለውን፣ ከጅቡቲ አምጥቶ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ያሳረፈው ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከአብራሪነቱ ጋር መምህርነቱን ደርቦ ያዘ፤ ዓመት አለፍ ብሎም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ ለመቀበል በቁ።

የበረራ መምህርነት ዕጣ ሲነሣ ግን ከማንም ይልቅ ሊዘከር የሚገባው ጆን ሮቢንሰን ነው። በፍሎሪዳ ተወልዶ በሚሲሲፒ ያደገው፣ በታስኬጊም የሞተር ጥበብ የተማረው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በቺካጎ የከርቲስ ራይት ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት አልቀበልህም ባለው ጊዜ፣ ተስፋ ቆርጦ አልተመለሰም፤ እዚያው ቤት ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረና መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን ያዳምጥ ጀመር። ጽናቱን ያዩት ሰዎች በመጨረሻ በተማሪነት ተቀበሉት፤ ከተመረቀም በኋላ ጥቁሮችን እንዲያስተምር ያው ትምህርት ቤት ወንበር ሰጠው። ሆኖም ከዚያ ወንበር የሚያልፍበት መንገድ አልነበረውም። የአሜሪካ አየር መንገዶች ጥቁር አብራሪ አይቀጥሩም ነበርና፤ በሩ መከፈት የጀመረው ማርሎን ግሪን የተባለ አብራሪ ኮንቲኔንታል አየር መንገድን ከስሶ፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በፈረንጅ ቁጥር በ1963 ከተፈረደለት በኋላ ነው። ለነጩ መምህር ማስተማር ወደ አየር መንገድ ሊያሻግር ይችል ነበር፤ ለሮቢንሰን ግን ሙያው ሁሉ እርሱ ነበር።

በኢትዮጵያዊው ሐኪም በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ተጠርቶ በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የጠበቁት አውሮፕላኖች ጥቂት፣ ያረጁና ለውጊያ የማይበጁ ነበሩ። የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ከጣሊያን ጋር በተደረገውም ጦርነት ወራት በግንባሩና በዋና ከተማው መካከል መልእክት እያመላለሰ አገለገለ። ወረራው በ1928 ዓ.ም. ሲበረታ ወደ ቺካጎ ተመልሶ እንደገና አስተማረ፤ ጠላት ከተባረረም በኋላ በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጓዶቹ ጋር መጥቶ የኢትዮጵያን ወጣቶች በአዲስ አበባ ያሠለጥን ገባ፣ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከዚህች አገር ሳይለይ ኖረ። የአገሩ ሕግና ልማድ የነፈገውን ሥራ እኛ ያለ ብዙ ድካም አገኘነው ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ለእኛ በረከት ነው፣ ለነፈጉት ግን ምስጋና አይገባም።

የቀረው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን ልጆች ያስተማሩት በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመሩት ስዊድናውያን ናቸው፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ የመሪነቱን ወንበር ይዘው የነበሩት ቲ ደብሊው ኤ የተባለው አየር መንገድ አሜሪካውያን ናቸው። በዚሁ አየር መንገድ ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ አበበ በአዛዥነት የበረረው ገና በፈረንጅ ቁጥር በ1957 ነው።

በመጀመሪያ ያነሣነውን የዛሬውን የአሜሪካ ልማድ ያጸናው ግን ሕግ ነው። በፈረንጅ ቁጥር በ2009 በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ከሞተ በኋላ በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ቀድሞ በ250 ሰዓት በረራ ረዳት አብራሪ መሆን ይችል የነበረ ሰው፣ በጦር ኃይል ወይም በዩኒቨርሲቲ ለተማሩት ከሚደረገው ቅናሽ በቀር፣ 1,500 ሰዓት እንዲያሟላ ተገደደ። የቀረውን ሰዓት ከኪሱ ከፍሎ መብረር የሚችል ጥቂት ነውና፣ ብዙው በሌላው ተማሪ ገንዘብ ሰዓቱን የሚሞላበትን የመምህርነት ሥራ ይዟል። ደመወዙም በአብዛኛው በሰዓት ይቆጠራል፤ ጭጋግ በወረደበት ወይም ተማሪው በቀረበት ቀን መምህሩ ሜዳው ላይ ሲጠብቅ ውሎ ያለ ገንዘብ ይመለሳል። መምህሩ ለትምህርት ቤቱ በርካሽ የሚገኘውም፣ ግማሹን ደመወዝ በመዝገቡ ላይ በሚጻፈው ሰዓት እንደሚቀበል ሁለቱም ስለሚያውቁት ነው።

የአየር መንገዶች ቅጥር ሲዘጋና ሲከፈትም መምህሩ አብሮ ይንገላታል። በፈረንጅ ቁጥር በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ አውሮፕላኖችን ባቆመ ጊዜ ሰዓታቸውን የሞሉት መምህራን መሄጃ አጥተው በቦታቸው ቀሩ፤ ቅጥሩ እንደገና ሲከፈት ደግሞ በአንድነት ስለ ወጡ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር ሰው ለማቆየት ደመወዝ መጨመር ግድ ሆነባቸው፤ ተማሪውም ትምህርቱን ሳይጨርስ ሁለትና ሦስት መምህር ይለዋውጥ ጀመር።