የወለል ሴራሚክ ብዛትና ወጪ ስሌት (አዋሽና ሰመራ)

የወለል ሴራሚክ ስሌት አንድን ክፍል ለማንጠፍ የሚያስፈልገውን የሴራሚክ ብዛት፣ የሲሚንቶና የአሸዋ መጠን እንዲሁም የሠራተኛ ክፍያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አስልቶ የማወቅ ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ገበያ «ሴራሚክ» የሚለው ስም ለተራው ሴራሚክም ለፖርስሊንም ያገለግላል። ዋጋው የሚነገረው በካሬ ሜትር (በተለምዶ «በካሬ») ሲሆን የሚሸጠው ግን በካርቶን ነው። ብዙ የስሌት ስህተት የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

በአፋር ክልል አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ 225 ኪ.ሜ. ያህል ርቀት ላይ ያለች የባቡርና የመኪና መንገድ ከተማ ናት። ሰመራ አሳይታን ተክታ የክልሉ ርእሰ ከተማ የሆነች፣ ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ በኩል ከ350 ኪ.ሜ. በላይ የምትርቅ አዲስ ከተማ ናት። ለአዋሽ ነዋሪ የጎደለ ካርቶን ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ሊመጣ ይችላል። ለሰመራ ነዋሪ ግን የጎደለው አንድ ካርቶን የመጓጓዣው ዋጋ ከራሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ እዚያ ከመብዛት ይልቅ ማነስ ያከስራል።

የክፍሉ ልኬት

ርዝመትና ወርድ የሚለካው ከልስን በኋላ ነው፤ ከልስን በፊት የተለካ ክፍል በእያንዳንዱ ግድግዳ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጠባል። እያንዳንዱ ጎን በሁለቱም ጫፍ ተለክቶ ትልቁ ቁጥር ይያዛል። ክፍሉ ቀጥ ያለ መሆኑ ደግሞ ከማዕዘን ማዕዘን ተሻግሮ በመለካት ይታወቃል። ለምሳሌ 3.80 በ3.20 ሜትር የሆነ ክፍል ሁለቱም ሰያፍ ልኬቶቹ 4.97 ሜትር አካባቢ መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ካለፈ በአንዱ ግድግዳ ሥር ያለው ረድፍ እንደ ሽብልቅ እየተቆረጠ ይሄዳል፤ ብክነቱም ይጨምራል።

ብዛቱ እንዴት ይሰላል

የተለመደው ዘዴ ስፋቱን አግኝቶ 10 በመቶ መጨመር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ክፍል ስፋት 12.16 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 በመቶ ሲጨመር 13.38 ይሆናል። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ አንዱ ፍሬ 0.36 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ካርቶኑ አራት ፍሬ ከያዘ 1.44 ካሬ ሜትር ይሆናል (ብዛቱ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በካርቶኑ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል)። 13.38 ለ1.44 ሲካፈል 9.3 ስለሚሆን ወደ ላይ ተጠጋግቶ 10 ካርቶን፣ ማለትም 40 ፍሬ ይገዛል። ይህ ቁጥር ግን ለዚህ ክፍል አይበቃም።

ምክንያቱ የአነጣጠፉ ቅደም ተከተል ነው። ባለሙያው ከአንድ ማዕዘን ቢጀምር በርዝመቱ ስድስት፣ በወርዱ አምስት ሙሉ ሴራሚክ ያርፋል፤ ይህ 30 ፍሬ ነው። በሁለት ግድግዳዎች ሥር ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ይቀራል። ለዚህ 11 ቁራጭና አንድ ትንሽ የማዕዘን ቁራጭ ያስፈልጋል። ከአንድ ሴራሚክ ሁለት እንዲህ ያለ ቁራጭ በእርግጠኝነት ስለሚወጣ ተጨማሪ ስድስት ፍሬ ይበቃል፤ ድምሩ 36 ይሆናል። መልኩ ግን አያምርም፤ ቀጭኑ ረድፍ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚታይ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን ካልሸፈነው ክፍሉን ጠማማ ያስመስላል።

ሁለተኛው አካሄድ ከክፍሉ መሀል ጀምሮ በአራቱም ግድግዳ ሥር እኩል 40 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ማሳረፍ ነው። ከአንድ ሴራሚክ 40 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ የሚተርፈው 20 ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የጠርዝ ቦታ አንድ ሴራሚክ ይሄዳል። በርዝመቱ ሰባት፣ በወርዱ ስድስት ረድፍ ይሆናል፤ ይህም 42 ፍሬ ነው።

በመጀመሪያ እይታ ሁለተኛው ስድስት ፍሬ ያባክናል። ዞኮሎ ሲታሰብ ግን ነገሩ ይለወጣል። የክፍሉ ዙሪያ 14 ሜትር ነው፤ 90 ሳንቲ ሜትር የበር ስፋት ሲቀነስ 13.10 ይቀራል። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ዞኮሎ 22 ቁራጭ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው አካሄድ ለዚህ አምስት ተጨማሪ ሴራሚክ መቁረጥ ግድ ስለሚል ድምሩ 41 ይደርሳል። በሁለተኛው ግን የተረፉት 20 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች ለሁለት ተሰንጥቀው ዞኮሎውን ከበቂ በላይ ይሸፍናሉ፤ ድምሩ 42 እንዳለ ይቀራል። የሚያምረው አነጣጠፍ የሚያስከፍለው አንድ ፍሬ ብቻ ነው ማለት ነው። በ10 በመቶ ስሌት የተገዛው 40 ፍሬ ግን ለሁለቱም አይበቃም። ዞኮሎው መጀመሪያ ላይ ከወለሉ ጋር ቢደመር ኖሮ 14.82 ካሬ ሜትር፣ 11 ካርቶን ይመጣ ነበር።

ለሰባራና ለወደፊት ጥገና አንድ ካርቶን ሲታከል 12 ካርቶን ይሆናል። በሰያፍ ለሚነጠፍ ወለል ብክነቱ ስለሚበዛ 15 በመቶ መያዝ የተለመደ ነው። ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ስሌቱ ተመሳሳይ ነው፤ በርና መስኮት ይቀነሳል።

ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥርና የቀለም ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም በተለያየ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ በቀለም ወይም በሚሊ ሜትር መጠን ይለያያል። ከወር በኋላ ለጎደለው ተብሎ የሚመጣ ካርቶን ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ሲሚንቶና ማጣበቂያ

ወለል ላይ ሴራሚክ በሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ ወይም በተዘጋጀ ኮላ ይነጠፋል። ለምሳሌው ክፍል 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለውና አንድ እጅ ሲሚንቶ ከአራት እጅ አሸዋ ለተደባለቀ ማንጠፊያ 137 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ፣ ማለትም ሦስት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይፈልጋል። አሸዋው 0.4 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ወለሉ ወጣ ገባ ሆኖ ውፍረቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ከረጢት ያህል ይጨመራል፤ ስለዚህ ከግዢ በፊት ወለሉን በውሃ ልክ ማየት ያዋጣል። ኮላ ከሆነ በካሬ 5 ኪሎ ግራም ይታሰባል፤ በ25 ኪሎ ከረጢት ሦስት ይሆናል። የመገጣጠሚያ መሙያው ትንሽ ነው፤ ለ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት 2 ኪሎ ግራም ይበቃል።

በሰመራ በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ድብልቁ ውሃውን ቶሎ ስለሚያጣ ሴራሚኩ ሳይዝ ይቀራል፤ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወለል የዚህ ምልክት ነው። ስለዚህ ሥሩ አስቀድሞ ይርሳል፤ ድብልቁ በጥቂት በጥቂቱ ይቦካል፤ ሥራው በማለዳና በማታ ይከፋፈላል። ባለሙያው በካሬ ሳይሆን በቀን ከተቀጠረ ይህ የቀኑን ብዛት ያበዛል። በታችኛው አዋሽ፣ በተለይ በዱብቲ አካባቢ፣ አፈሩ ጨዋማ ነው። ያልታጠበ አሸዋ ወይም ጨዋማ ውሃ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣል።

ወጪው

ዋጋ ሲነጻጸር የሱቁ ሳይሆን ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ያለው ዋጋ ነው የሚታየው። ይህም የዕቃው ዋጋ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ (በዋጋው ውስጥ ካልተካተተ)፣ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ ነው። የፖርስሊን አንድ ካርቶን 30 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን 12 ካርቶን 360 ኪሎ ይሆናል፤ በአይሱዙ ከሌላ ጭነት ጋር ሲመጣ ይረክሳል። ከጅቡቲ የሚገባው ሴራሚክ በጋላፊ አልፎ ሰመራን እያቋረጠ ብዙ ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፤ ለሰመራ ገዢ የሚደርሰው ያንኑ መንገድ ተመልሶ ነው። የሠራተኛ ዋጋ በካሬ ሲነገር ዞኮሎና የደረጃ ሥራ ብዙ ጊዜ አይካተትም፤ እነዚህ በሜትር ለብቻ ይጠየቃሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የገቢ ዕቃ ዋጋ ከብር ተመን ጋር ይበልጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ቀኑና ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ እንዲጻፍ ይጠየቃል።

የመሬት መንቀጥቀጥ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ሴራሚክ የማይተጣጠፍ በመሆኑ ሥሩ ሲሰነጠቅ አብሮ ይሰነጠቃል። በግድግዳው ሥር በዞኮሎ የሚሸፈን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተው፣ በሙቀት ለሚመጣው መለጠጥም ሆነ ለአነስተኛ ንቅናቄ ይረዳል። መሠረቱ ከተሰነጠቀ ግን ይህ ምንም አያድነውም። የተረፈው ካርቶን የምርት ቁጥሩ እንዳይጠፋ ከነማሸጊያው፣ ሴራሚኮቹ በጠርዛቸው ቆመው ይቀመጣሉ።