የሰመመን ጥልቀት አለካክ በጥርስ ሕክምና፤ አጭር ታሪክ

ሕመምን በማደንዘዝ ታሪክ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች ድርሻ ቀዳሚ ነው። መድኃኒቱን መስጠት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ቀሪው ግማሽ በሽተኛው ምን ያህል እንደ ደነዘዘ ለይቶ ማወቅ ነው። የጥርስ ሐኪም የሚሠራበት አፍ የአየር መተላለፊያም ስለሆነ ጉዳዩ በዚህ ሙያ ይበልጥ ይከብዳል። ደምና ውኃ በሚጠራቀሙበት ስፍራ በሽተኛው መዋጥና ማሳል ከተሳነው አደጋው ቅርብ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዲሴምበር 1844 በአሜሪካ የሃርትፎርድ ከተማ የጥርስ ሐኪም የነበረው ሆረስ ዌልስ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የሳበ ሰው እግሩ ቆስሎ ሳለ ሕመም እንዳልተሰማው በአንድ ትርኢት ላይ ተመለከተ። በማግስቱ ጋዙን ራሱ ስቦ ባልደረባው ጆን ሪግስ ጥርሱን ነቀለለት። በጃንዋሪ 1845 ቦስተን ላይ በሕክምና ተማሪዎች ፊት ባደረገው ሙከራ ግን በሽተኛው ጮኸ፤ ዌልስም መሳለቂያ ሆነ። እርሱ በኋላ እንዳስረዳው የጋዙ ከረጢት ያለጊዜው ተነሥቶ ነበር። መድኃኒቱ ይሠራል፤ የጎደለው መድኃኒቱ የት እንደ ደረሰ ማወቂያ ነበር።

ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊሊያም ሞርተን በኦክቶበር 16 ቀን 1846 የኤተርን የማደንዘዝ ኃይል በዚያው ከተማ በተሳካ ሁኔታ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው ባሳተመው መጽሐፍ የኤተርን ሰመመን በአምስት ደረጃዎች ከፈለው፤ የመጀመሪያው በሽተኛው ያለበትን ስፍራ የሚያውቅበት፣ የመጨረሻው ትንፋሽ የሚቋረጥበት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ያገለገለው አሜሪካዊው አርተር ጉዴል ደግሞ ልምድ የሌላቸውን ሠራተኞች ለማሠልጠን የአተነፋፈስን፣ የዐይን እንቅስቃሴንና የብሌንን ምልክቶች በሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ በ1920ም አሳተመው። በሠንጠረዡ የተዘረዘሩት ምልክቶች የኤተር ምልክቶች ነበሩ።

በ1960ዎቹ ዲያዜፓም በደም ሥር መሰጠት ሲጀምር በሽተኛው ሳያንቀላፋ ተረጋግቶ መታከም ቻለ፤ የጉዴል ሠንጠረዥም ለዚህ አልበቃም። በእንግሊዝ አገር የላይኛው የዐይን ቆብ ወርዶ የብሌኑን ግማሽ ሲሸፍን መድኃኒቱን ማቆም ተለመደ፤ ይህ የቬሪል ምልክት ይባላል። ኋላ ግን እንደ አስተማማኝ መለኪያ መታየቱ ቀርቷል። በ1974 ራምሴይና ባልደረቦቹ ለጽኑ ሕሙማን ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ አወጡ። በ1990 ከሚዳዞላም ጋር በተያያዘ የወጣው ሌላ መለኪያ ይበልጥ ቀላል ነው፤ በሽተኛው በስሙ ሲጠራ ወዲያው ይመልሳል? ጮክ ሲባል ብቻ ይመልሳል? ወይስ ሲነቀነቅም አይመልስም?

መሣሪያዎችም ተከተሉ። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1974 መርሑን የቀመረለት ፐልስ ኦክሲሜትር የደምን ኦክስጅን ይነግራል እንጂ የሰመመንን ጥልቀት አይነግርም። ተጨማሪ ኦክስጅን የሚወስድ በሽተኛ ትንፋሹ ከደከመ በኋላም ቁጥሩ ለጊዜው መልካም ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በ1996 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ቢስ የተባለው መሣሪያ የአንጎልን ኤሌክትሪካዊ ሞገድ ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ይተረጉማል። ሆኖም የፊትና የግንባር ጡንቻዎች እንቅስቃሴ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ኬታሚንና ናይትረስ ኦክሳይድም በትክክል አይለኩበትም።

የአሜሪካ አኔስቴዚዮሎጂስቶች ማኅበር በ1999 ሰመመንን ከቀላል እስከ ሙሉ ማደንዘዣ በአራት ደረጃዎች ሲደነግግ፣ መለያው ያደረገው በሽተኛው ለንግግርና ለንክኪ የሚሰጠውን ምላሽ ነው። አንዱ ደረጃ ሳይታወቅ ወደ ሌላው ስለሚሻገር፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ከታሰበው ደረጃ አልፎ የሄደን በሽተኛ መታደግ መቻል አለበት።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚተርፈው ጥቂት ነገር አይደለም። የመሰርሰሪያው ድምፅና ንክኪ በሽተኛውን ያነቃል፤ ሥራው ሲቆም ሰመመኑ ሊጠልቅ ስለሚችል ያን ጊዜ መዘናጋት አይገባም። አፉን ራሱ ከፍቶ መያዝ ያቃተው በሽተኛ ከሚገባው በላይ ደንዝዟልና አፍን ከፍቶ የሚይዝ ድጋፍ ይህን ምልክት ይሰውራል። ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ ተረጋግቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ኦክሲሜትሩ ሳይነሣ፣ የደረት እንቅስቃሴ እየታየ፣ በሽተኛውን በየጊዜው በስሙ መጥራት ያስፈልጋል፤ መልሱ ከዘገየ መድኃኒቱ ይቁም፣ የአየር መተላለፊያው ይፈተሽ።