ሁለት ዐይን፣ አንድ ዕይታ

ዛሬ በአዊ ዞን የምትገኘው ዳንግላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ ነበረች። ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን ከዚያ እየተነሣ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ተዘዋውሮ ካርታ አዘጋጀ፤ የጉዞውንም ውጤት በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን የገደልን ጥልቀት ለማወቅ ከገደሉ አፋፍ መቆም ግድ ነበር።

በ1960ዎቹ ኢትዮጵያና አሜሪካ በኅብረት ባካሄዱት የካርታ ሥራ ግን አገሩ ከአውሮፕላን ላይ ፎቶግራፍ ተነሣ። አንድ ቦታ ከሁለት ነጥቦች ተነሥቶ ፎቶግራፎቹ ስቴሬዎስኮፕ በተባለው መሣሪያ ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ግራ ዐይን አንዱን፣ ቀኝ ዐይን ሌላውን ያያል፤ አእምሮም ሁለቱን አዋሕዶ ተራራውን ከወረቀቱ ላይ ያስነሣዋል። በዚህም ዘዴ የደጋው ከፍታና የሸለቆው ጥልቀት ከጠረጴዛ ላይ የሚለኩ ሆኑ። ይህን የዕይታ ሕግ እንግሊዛዊው ዊትስቶን በ1838 ገልጾት ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ብሩስተርም በ1849 መሣሪያውን በሌንስ አሻሻለው።

የሌንሱ ስቴሬዎስኮፕ ብልሃት ዐይንን ማሳረፉ ነው። ፎቶግራፉ በሌንሱ የትኩረት ርቀት ላይ ስለሚቀመጥ ዐይን ሩቅ እንደሚያይ ሆኖ ዘና ይላል፤ ሁለቱም ዐይኖች ወደ ውስጥ ሳይዞሩ ትይዩ ሆነው ይመለከታሉ። ፎቶግራፎቹ ተዛንፈው ቢቀመጡ ግን ምስሉ ይለያያል፤ ዐይንም ይደክማል።

በ1968 አሜሪካዊው ሰዘርላንድ ምስሉን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር አዛውሮ በራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ሠራ፤ የዛሬው የምናባዊ እውነታ መነጽርም የዚሁ ዘር ነው። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው ነገር ሲቀርብ ዐይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ የሌንሱ ትኩረት ግን በአብዛኛው ከአንድ ርቀት አይነቃነቅም። የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህ አለመስማማት ዐይንን እንደሚያደክም በሙከራ አሳየ።

ከዚያ ወዲህ ለዐይን ሌላ ሥራ ተጨመረበት። በ2024 ለገበያ የቀረበው የአፕል ቪዥን ፕሮ፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ምልክት በዐይኑ እንዲመርጥ ያደርጋል። ዐይን ግን በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ቦታ ስለሚቀያይር፣ ያየው ሁሉ ትእዛዝ ቢሆን ሥራው ይታወካል። ስለዚህ ዐይን ይጠቁማል፤ ትእዛዙ የሚጸናው ሁለት ጣቶች ሲገጣጠሙ ነው።

እንግዲህ የመሣሪያ ዕድገት በምስሉ ጥራት ብቻ አይለካም። ስቴሬዎስኮፑ የካርታ ባለሙያው የሥራ ባልደረባ ለመሆን የበቃው የዐይንን ሕግ ስላከበረ ነው። አዲሱ መነጽርም በመምህሩ፣ በሐኪሙና በመሐንዲሱ ዘንድ የዘወትር መሣሪያ ይሆን ዘንድ ይህንኑ ሕግ ማክበር ይጠበቅበታል።